ሁለት ከተማ ይዛችሁ ሐውልት አትጀምሩ፦ ሲቪላይዜሽን 6 ለጀማሪ

ሲቪላይዜሽን 6ን መጀመሪያ የተጫወትኩ ቀን አንዲት ከተማ ነበረችኝ። በእሷም ስቶንሄንጅን፣ ቀድሞ የጨረሰ አንድ አገር ብቻ የሚያገኘውን ታላቅ ሐውልት፣ እየገነባሁ ነበር። ሥራው ሊያልቅ አራት ተራ ሲቀረው ሌላ አገር ቀድሞኝ እንደጨረሰው የሚናገር መልእክት ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። እሱስ ይሁን፣ ያጋጥማል። የደነገጥኩት ካርታውን ዞር ዞር አድርጌ ሳይ ነው። ጎረቤቴ አምስት ከተማ አለው። የኔዋ ብቸኛ ከተማ ዙሪያዋን በእሱ ድንበር ታጥራለች። ከ500 ተራ ገና 60ውን ነው የተጫወትነው። ጨዋታው ግን ለእኔ አልቋል፤ ማለቁን ለማወቅ ሌላ ስድስት ሰዓት ፈጀብኝ እንጂ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሌሊት አልፏል። ይህን ጌም የሚያውቅ ሰው "አንዲት ተራ ብቻ ልጫወትና ልተኛ" የምትለዋን ውሸት ያውቃታል። ጀማሪ ጓደኞቼ ሲጫወቱ ከጎናቸው ተቀምጬ ሳይ ሁሉም የሚሳሳቱት እኔ የተሳሳትኩትን ነው። ጌሙ እጅግ ብዙ ነገር ያሳያችኋል፦ ሃይማኖት፣ ንግድ፣ ዲፕሎማሲ፣ ስለላ፣ ታላላቅ ሰዎች። መጀመሪያ ላይ የሚወስነው ግን አንድ ነገር ነው። መሬት ሳያልቅ ስንት ከተማ ተከላችሁ? ሌላውን ሁሉ እየተጫወታችሁ ትደርሱበታላችሁ።

ለማያውቀው በአጭሩ ላስተዋውቅ። ሲቪላይዜሽን በሲድ ማየር እጅ በ1991 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ተከታታይ ጌም ነው። 6ኛው በ2016 ወጣ፤ በ2018 እና በ2019 ሁለት ትልልቅ ማስፋፊያዎች ተጨመሩለት። በ2025 ደግሞ 7ኛው መጥቷል፤ እኔ ግን እዚህ የማወራው ስለ 6ኛው፣ ያውም ማስፋፊያዎቹ ስላሉበት ነው። አንድ ሕዝብ መርጣችሁ ከክርስቶስ ልደት 4000 ዓመት በፊት ትነሳላችሁ። የምትጫወቱት በየተራ ነው። እናንተ የፈለጋችሁትን አድርጋችሁ ትጨርሳላችሁ፤ ከዚያ ሌሎቹ ተራቸውን ይወስዳሉ። የሚያጣድፍ የለም። አንድ ተራ ላይ ሻይ አፍልታችሁ መመለስ ትችላላችሁ። ካርታው ባለ ስድስት ጎን ቁርጥራጮች የተገጣጠሙበት ነው፤ እያንዳንዱን "ቁራሽ" እያልኩ ልቀጥል።

የመጀመሪያዋ ተራ

ሲጀመር የሚሰጣችሁ አንድ ሰፋሪ እና አንድ ጦረኛ ነው። ሰፋሪው ከተማ ይተክላል፤ ተክሎም ይጠፋል። ጦረኛው ዱላ የያዘ ሰውዬ ነው።

ጀማሪ እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ያለበት ቦታ ላይ ሳያይ ይተክላል። ሌላው ገነት ፍለጋ ሰፋሪውን አሥር ተራ ያዞረዋል። ሁለተኛው ይብሳል። ሌሎቹ በመጀመሪያው ተራ ተክለው መቁጠር ከጀመሩ ቆይተዋል። መጀመሪያ ጦረኛውን አንቀሳቅሱና ዙሪያው ይገለጥ፤ ከዚያ ለሰፋሪው ወስኑ። አንድ ወይም ሁለት ተራ መራመድ ያዋጣል፤ ከዚያ በላይ አያዋጣም።

የምትፈልጉት ውሃ ነው። ከተማ ወንዝ፣ ሐይቅ ወይም የበረሃ ምንጭ አጠገብ ከተተከለች 5 መኖሪያ ይዛ ትነሳለች። ባሕር ዳር ብቻ ከሆነች 3፣ ውሃ የሚባል ከሌለ 2። መኖሪያ ማለት የሕዝብ ጣሪያ ነው። ጣሪያው ሊሞላ አንድ ሲቀረው እድገቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ ሲሞላ ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ ወንዝ የሌላት ከተማ ገና ሦስተኛ ሰው ሳትወልድ መታነቅ ትጀምራለች። ወንዝ አጠገብ ደግሞ ቀለሙ ወደ ቢጫ የሚያደላ ኮረብታ ካገኛችሁ እሱ ላይ ትከሉ። ሜዳ ላይ የተተከለች ከተማ መሃሏ 2 ምግብ እና 1 ምርት ሲሰጣት፣ ቢጫው ኮረብታ ላይ ያለችው 2 ምግብ እና 2 ምርት ታገኛለች። አንድ ምርት ምን አላት እንዳትሉ። ከተማችሁ በጠቅላላ አራት ወይም አምስት ምርት በምታገኝበት ዘመን አንድ ማለት ትልቅ ነገር ነው። ጠላት ሲመጣም ኮረብታ ላይ ያለ ሰው ይከብዳል።

ስለ ምግብና ምርት ካነሳን፦ ምግብ ሕዝብ ያበዛል፣ ምርት ደግሞ ዕቃ ይሠራል። እያንዳንዱ ነዋሪ በየተራው 2 ምግብ ይበላል። ከዚያ የተረፈው ተጠራቅሞ አዲስ ሰው ይሆናል። እያንዳንዱ ሰው ደግሞ አንድ ቁራሽ መሬት ያርሳል። የትኛውን ቁራሽ እንደሚያርስ ጌሙ በራሱ ይመርጣል፤ ምርጫው ብዙ ጊዜ አያስከፋም፤ አንዳንዴ ግን የሚያስቅ ነው። ከተማዋን ከፍታችሁ ነዋሪዎቹን ራሳችሁ ማዘዋወር ትችላላችሁ። ሰፋሪ እየሠራችሁ ከሆነ ደንና ኮረብታ ላይ አስቀምጧቸው፤ ምርት ይጨምራል።

ሐውልት ወይስ ሰፋሪ

አሁን ወደ ስቶንሄንጄ ልመለስ፤ ሒሳቡ እዚያ ውስጥ ስላለ።

ስቶንሄንጅ 180 ምርት ይፈጃል። የመጀመሪያው ሰፋሪ 80 ነው፤ ከዚያ እያንዳንዱ ከፊተኛው 30 ይጨምራል። ሁለት ሰፋሪ 190 ይመጣል ማለት ነው። እንግዲህ ከተማችሁ በተራ 6 ምርት አላት እንበል። በ30 ተራ ወይ አንድ ሐውልት ወይ፣ ትንሽ ታግሳችሁ፣ ሁለት ከተማ። ሐውልቱን ሌላው ሊቀድማችሁ ይችላል፤ 30ው ተራ ግን የትም አይመለስም። ከተማ የሚሠራ ሰው እንዲህ ያለ ዕጣ የለበትም። ሰፋሪው በ15ኛው ተራ ወጣ፤ በ20ኛው ተከለ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ያቺ ከተማ ራሷ ምግብ፣ ምርት፣ ሳይንስ ታመጣለች። እሷም በተራዋ ሰፋሪ ትሠራለች። አንዷ ሁለት፣ ሁለቷ አራት ትሆናለች። ከብት እንደ ማርባት አስቡት፤ ጊደሯን አርዶ መብላትና እስክትወልድ መጠበቅ አንድ አይደለም።

ለዚህ ነው ጌሙ የሚያልቀው መጀመሪያው ላይ ነው የምለው። በ40ኛው ተራ የተተከለች ከተማና በ90ኛው የተተከለች ከተማ መጨረሻ ላይ ሲታዩ እኩል ሊመስሉ ይችላሉ። በመሃል ያለው 50 ተራ ግን አለ። በተራ 4 ሳይንስ ብቻ ብታመጣ እንኳ 200 ሳይንስ ነው፤ በዚያ ዘመን ይህ ከአንድ በላይ ቴክኖሎጂ ይገዛል።

ስንት ከተማ? በእኔ አስተያየት በ60ኛው ተራ አራት፣ በ100ኛው ስድስት ወይም ስምንት ካላችሁ ጥሩ ላይ ናችሁ። የለመዱ ሰዎች ከዚያ በላይ ይሄዳሉ። "ከተሞቼ ተጠባበቡ" ብላችሁ አትጨነቁ። ጌሙ በሁለት ከተማ መሃል ቢያንስ ሦስት ቁራሽ ክፍት እንዲሆን ብቻ ነው የሚያስገድደው። አንዲት ከተማ ማረስ የምትችለው እስከ ሦስት ቁራሽ ርቀት ነው፤ ያንን ሁሉ የሚሞላ ሕዝብ ግን ለረጅም ጊዜ አይኖራትም። ስለዚህ ጠጋ ጠጋ አድርጉ። ጀማሪ ሰፊ ግቢ ይወዳል፤ የተረፈው ግቢ የጎረቤት ይሆናል።

አጀማመሩን በቅደም ተከተል ከጠየቃችሁኝ፣ እኔ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ቃኚ አወጣለሁ፣ ከዚያ ወንጭፈኛ፣ ከዚያ ሰፋሪ፣ ከዚያ መሬት የሚያለማውን ግንበኛ፣ ከዚያ እንደገና ሰፋሪ። ሰፋሪ ሲወጣ ከተማዋ አንድ ሰው ይቀንሳታል፤ ስለዚህ ሕዝቧ ሁለት ሳይሞላ ሰፋሪ መሥራት አይቻልም። ቃኚውና ወንጭፈኛው እስኪወጡ ሕዝቡ ይደርሳል። ቅደም ተከተሉ ሕግ አይደለም። አጠገባችሁ ሽፍታ ካለ ወንጭፈኛ ይቅደም።

ሰፋሪን የሚያረክስ ካርድም አለ። ከቴክኖሎጂው ጎን በባህል ነጥብ የሚከፈት ሌላ ዛፍ አለ፤ ከእሱ የፖሊሲ ካርዶች ይገኛሉ። ኮሎናይዜሽን የሚባለው ካርድ ሰፋሪ ላይ የምታወጡትን ምርት በ50 በመቶ ያሳድጋል። የሚገኘው አርሊ ኢምፓየር ከሚባለው ደረጃ ነው። ካርዱ እስኪደርስ አንድ ሁለት ሰፋሪ በቀድሞው ዋጋ ሠርታችሁ፣ የቀሩትን በካርዱ ማውጣት ነው። ሰፋሪ በማትሠሩበት ሰዓት ግን አውጥታችሁ ሌላ ተኩበት። ካርድ የመቀየር ዕድል በተገኘ ቁጥር እዩት። አንድ ጓደኛዬ እስከ 150ኛው ተራ ኮሎናይዜሽንን ተሸክሞ ሲዞር አይቻለሁ።

ሽፍታው

ጌሙ "ባርባሪያን" ይላቸዋል፤ ለእኔ ሽፍቶች ናቸው። አገር የላቸውም፣ ድርድር የላቸውም፣ ካምፕ አላቸው። ጀማሪን ከጎረቤት ነገሥታት በላይ የሚያሰቃዩት እነሱ ናቸው፤ የሚሠሩበት መንገድ ሲገባችሁ ግን ግማሹ ችግር ይቃለላል።

ካምፑ መጀመሪያ አንድ ቃኚ ይልካል። ይህ ቃኚ ወደ እናንተ ይመጣል፣ ከተማችሁን ያያል። ባየበት ቅጽበት ራሱ ላይ ቀይ ቃለ አጋኖ ትበራለች። አሁን ወሬ ይዟል። ወደ ካምፑ ይመለሳል። ከደረሰ አለቀላችሁ፤ ካምፑ ጦረኛ በጦረኛ ላይ፣ አቅራቢያው ፈረስ ካለም ፈረሰኛ እያከታተለ ይልክባችኋል። ሳይደርስ መንገድ ላይ ከተገደለ ምንም አይመጣም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። ቃኚው ፈጣን ስለሆነ በአንድ ጦረኛ አሯሩጣችሁ አትይዙትም። ቃኚው ከመጣበት አቅጣጫ መመለሻውን የሚዘጋ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ለዚህ ነው በመጀመሪያ ሁለትና ሦስት ተዋጊ ይኑራችሁ የምለው። ሁሉንም አገር ለማየት ብላችሁ ጦረኛችሁን ዓለም ዳር አትላኩ። ማሰሱን ለቃኚው ተዉት፤ ጦረኛው ከቤት አይራቅ።

ሌላም ነገር አለ። ካምፕ የሚበቅለው ማንም በማያየው መሬት ላይ ብቻ ነው። አንድ ሰው ኮረብታ ላይ አቁማችሁ ካስቀመጣችሁት በዙሪያው የሚያየው ቦታ ሁሉ ላይ ካምፕ አይበቅልም። ሥራ የፈታ የሚመስል ተዋጊ ዘበኛ ሆነላችሁ ማለት ነው።

ሰፋሪም ግንበኛም መዋጋት አይችሉም። ሽፍታ ከደረሰባቸው ይማርካቸዋል፣ ወደ ካምፑ ይነዳቸዋል። የ110 ምርት ሰፋሪ እንደ በግ ሲነዳ ማየት ያማል። አጅቧቸው። ሰፋሪና ተዋጊ አንድ ቁራሽ ላይ አብረው መቆም ይችላሉ፤ አጃቢ አድርጎ የሚያስተሳስራቸው ቁልፍም አለ።

ካምፑን ራሱ ማፍረስ ወርቅ ያስገኛል። በሁለት ሰው ሂዱ፣ ዲሲፕሊን የሚባለውን ካርድ ልበሱ፤ ሽፍታ ላይ 5 ኃይል ይጨምራል። የተጎዳውን ሰው ወደ ኋላ ስባችሁ አሳርፉት። ጀማሪ ግማሽ ሕይወት የቀረውን ጦረኛ "አንዴ ልምታውና" ይላል። ያ ጦረኛ 40 ምርት ነው።

ዩሬካ፣ ወይም የነጻ ሳይንስ

ይህን ክፍል ብዙ ጀማሪ ሳያየው ያልፋል፤ እኔ በጣም የምወደው ደግሞ እሱን ነው። እያንዳንዱ ቴክኖሎጂ ከሥሩ አንዲት የቤት ሥራ ተጽፎለታል። የቤት ሥራውን ከሠራችሁ 40 በመቶው በነጻ ይሞላል። ስሙ ዩሬካ ነው። በባህሉ በኩልም እንዲሁ አለ።

ለምሳሌ ቀስት የሚያስገኘውን አርቸሪን እንውሰድ። የቤት ሥራው በወንጭፈኛ አንድ ጠላት መግደል ነው። ያ መልእክተኛ የሽፍታ ቃኚ አለ አይደል? ጦረኛው ይምታው፤ የመጨረሻዋን ድንጋይ ግን ወንጭፈኛው ይወርውር። አንድ ሽፍታ ተወገደ፣ ግማሽ ሊሞላ የደረሰ ቴክኖሎጂም በነጻ መጣ። ቀስቱን ስታውቁ ወንጭፈኛችሁን በወርቅ ቀስተኛ ታደርጉታላችሁ። ወንጭፈኛን የምወደው ለዚህ ነው።

ራይቲንግ ሌላ ሥልጣኔ ስታገኙ ይሞላል፤ ቃኚ ቶሎ የምናወጣበት አንዱ ምክንያት። ሜሶንሪ ድንጋይ ወይም እብነ በረድ ላይ ካባ ስትከፍቱ። ሴይሊንግ ባሕር ዳር ከተማ ስትተክሉ። በባህሉ በኩል ደግሞ ክራፍትስማንሺፕ ሦስት ቁራሽ ስታለሙ ይሞላል፤ አንድ ግንበኛ ደግሞ በትክክል ሦስት ጊዜ ነው የሚሠራው። አርሊ ኢምፓየር ጠቅላላ ሕዝባችሁ ስድስት ሲሞላ። ፖለቲካል ፊሎሶፊ ሦስት ከተማ-መንግሥታት፣ ማለትም ባለ አንድ ከተማ ትንንሽ አገሮች፣ ስታገኙ፤ ይህ የመጀመሪያውን እውነተኛ መንግሥት ስለሚያመጣ ቶሎ ፈልጉት።

እዚህ ውስጥ አንዲት ብልሃት አለች። ነጻው 40 በመቶ ስለሆነ፣ ራሳችሁ መሥራት ያለባችሁ 60 በመቶ ነው። ቴክኖሎጂውን 60 በመቶ አካባቢ አድርሳችሁ ዩሬካው ገና ካልመጣ፣ ትታችሁ ወደ ሌላ ዙሩ። የሠራችሁት አይጠፋም። በኋላ ዩሬካው ሲመጣ ቦግ ብሎ ይሞላል። 90 በመቶ ላይ እያላችሁ ዩሬካው ቢመጣ ግን 30 በመቶው ባክኗል።

ይህን ሁሉ የሚሸመድድ ሰው የለም። ቴክኖሎጂው ላይ ማውሱን ስታሳርፉ የቤት ሥራው ይጻፋል። በየአሥር ተራው ከፍታችሁ ሁለት ሦስቱን ብታዩ በቂ ነው።

ከተማዋን በሰፈር መከፋፈል

6ኛውን ከቀደሙት የሚለየው ትልቁ ነገር ይህ ነው። ድሮ ሁሉም ሕንጻ ከተማዋ ውስጥ ይታጨቅ ነበር። አሁን ዩኒቨርሲቲው በትምህርት ሰፈር፣ ባንኩ በንግድ ሰፈር፣ ቤተ መቅደሱ በቅዱስ ሰፈር ይሠራል። እያንዳንዱ ሰፈር ካርታው ላይ የራሱን ቁራሽ ይይዛል፣ የተቀመጠበት ቦታም ያፈራበታል ወይም ያደኸየዋል።

የትምህርት ሰፈር፣ ካምፓስ የሚሉት፣ ተራራ ይወዳል። በአጠገቡ ላለ እያንዳንዱ ተራራ 1 ሳይንስ። ሦስት ተራራ የከበበው ቁራሽ ካገኛችሁ ከተማዋ ገና ሕንጻ ሳትሠራ 3 ሳይንስ አላት። ኋላ ላይ ናቹራል ፊሎሶፊ የሚባል ካርድ ይመጣና ይህን በእጥፍ ያደርገዋል፤ 6 ሆነ። ሜዳ መሃል የተቀመጠ ካምፓስ ደግሞ ዜሮ ነው፤ የዜሮ እጥፍ ያው ዜሮ። የንግድ ሰፈር ወንዝ ዳር 2 ወርቅ ያገኛል። ቅዱስ ሰፈርም ተራራና ደን ይወዳል፤ እንግዲህ አንዷን ጥሩ ቁራሽ ለካምፓስ ወይስ ለእምነት የሚለው የእናንተ ጭቅጭቅ ነው። ጀማሪ ከሆናችሁ ለካምፓስ ስጧት።

ሰፈር እንደ ልብ አይሠራም። ከተማዋ አንድ ሰው ሲኖራት አንድ፣ አራት ስትሆን ሁለተኛ፣ ሰባት ስትሆን ሦስተኛ፣ አሥር ስትሆን አራተኛ። ስለዚህ አንዲት ግዙፍ ከተማ ሁሉንም ትያዝ ከማለት፣ ስድስት ትንንሽ ከተሞች እያንዳንዳቸው ካምፓስ ቢኖራቸው ይሻላል። ወዴት እየመራኋችሁ እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ከተማ ማብዛት።

የሰፈር ዋጋ ዓለም በገፋ ቁጥር ይጨምራል። ቦታውን መርጣችሁ መሠረቱን ከጣላችሁ ግን ያቺ ሰፈር በዚያን ቀን ዋጋ ትቆለፋለች። ወዲያው መጨረስ ግዴታ የለም። መሠረት ጥላችሁ ወደ ሰፋሪው መመለስ ትችላላችሁ። ከአሥር ዓመት በፊት በተከፈለ ቀብድ ቤት እንደ መግዛት ነው።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ

ወርቅ አታከማቹ። አንድ ምርት በአራት ወርቅ ይገዛል፤ ግንበኛ፣ ሰፋሪ፣ የአዲስ ከተማ ቤተ መጻሕፍት፣ ሁሉም ይገዛል። 1000 ወርቅ ይዞ የተቀመጠ ሰው ያልተጫወተበት ተራ ይዞ ነው የተቀመጠው። ትርፍ ቅንጦት ዕቃ ካላችሁ፣ ሁለት ሐር ሁለት ቡና፣ አንዱን ለጎረቤት ሽጡ፤ ሁለተኛው ሐር ለእናንተ ምቾት አይጨምርም። ምቾት የሕዝቡ ደስታ ነው፤ አንድ ዓይነት ቅንጦት አራት ከተማ ያስደስታል።

የሌላ አገር መሪ ባገኛችሁበት ተራ 25 ወርቅ ከፍላችሁ ልዑክ ላኩለት። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያዋ ተራ ላይ ይቀበላል፤ በኋላ ይጠምባችኋል። ሠራዊታችሁ ደካማ ከሆነ ግን በልዑክ ብቻ አትድኑም። ኮምፒውተሩ ሠራዊታችሁን ይቆጥራል። ሁለት ሦስት ቀስተኛ ድንበር ላይ ይቁም፤ ወደ ጠላት በምትቀርበው ከተማም ግንብ ሥሩ። ግንብ የሌላት ከተማ መልሳ መተኮስ አትችልም።

የመጀመሪያው ነጋዴ አዲሷን ከተማ ያግዝ። ነጋዴ ወደ ውጭ ሲሄድ ወርቅ ያመጣል፤ ወደ ራሳችሁ ከተማ ሲሄድ ምግብና ምርት ያመጣል፣ በእግሩም መንገድ ይዘረጋል። ትንሿን ከተማ መነሻ አድርጉት፤ በጥቂት ተራ ውስጥ ሰው ትሆናለች።

25 የእምነት ነጥብ ስታጠራቅሙ ፓንቲዮን የሚባል ትንሽ በረከት ትመርጣላችሁ። ሃይማኖት ለመመሥረት ግን አትሩጡ። ለመጀመሪያ ጨዋታ ትርፍ ጣጣ ነው።

ሩቅ አገር፣ የሌላ ሰው ሕዝብ መሃል ከተማ አትትከሉ። የመጀመሪያው ማስፋፊያ ታማኝነት የሚባል ነገር አምጥቷል፤ በባዕድ ሕዝብ የተከበበች ከተማ ቀስ በቀስ ትከዳችኋለች።

ማንን፣ በየትኛው ሌቭል

ስምንት የክብደት ደረጃ አለ። አራተኛው፣ ፕሪንስ፣ ለእናንተም ለኮምፒውተሩም ብዙም የማያዳላው ነው። መጀመሪያ ከእሱ በታች ተጫወቱ፤ አያሳፍርም። የላይኞቹ ላይ ኮምፒውተሩ ብልህ አይሆንም፣ ሀብታም ነው የሚሆነው። የመጨረሻው፣ ዲቲ፣ ላይ እናንተ አንድ ሰፋሪ ይዛችሁ ስትነሱ እሱ ሦስት ይዞ ይነሳል። ጌሙን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ከተማ ማብዛት ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ በላይ ሊነግሯችሁ አይችሉም።

ለጀማሪ የምመክረው መሪ የሮማው ትራጃን ነው። የምትተክሉት ከተማ ሁሉ ሐውልት በነጻ ይዞ ይነሳል፤ ይህ የከተማ ሐውልት ነው፣ ባህል የሚሰጠው ትንሹ፤ ከስቶንሄንጅ ጋር አታምታቱት። መንገዱም በአቅራቢያ ላለ ከተማ በራሱ ይዘረጋል። ከተማ አብዙ የሚል መሪ ነው። ዳግማዊ ምኒልክም ጌሙ ውስጥ አሉ፤ በ2020 ለብቻ በሚሸጥ ተጨማሪ ጥቅል መጡ። ኮረብታ ላይ በተተከሉ ከተሞች ከሚገኘው እምነት 15 በመቶውን ያህል ሳይንስና ባህል ይጨመርላቸዋል፤ ጦራቸውም ኮረብታ ላይ ይበረታል። ስሜት ስቧችሁ በእሳቸው ከጀመራችሁ አልፈርድባችሁም። ከተሞቻችሁን ኮረብታ ላይ ትከሉ፤ ቅዱስ ሰፈርንም ከላይ "ተዉት" ያልኩትን ተሻገሩና ሥሩ።

ለማሸነፍ ብዙ መንገድ አለ። በሳይንስ ጠፈር መውጣት፣ በባህል ቱሪስት መሳብ፣ በጦር የሁሉንም የመጀመሪያ ዋና ከተማ መያዝ፣ በሃይማኖት፣ በዲፕሎማሲ። ካልሆነም 500ኛው ተራ ላይ ነጥብ ይቆጠራል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይንስን ያዙ። ምንም የተለየ ጥበብ አይጠይቅም፤ ካምፓስ በየከተማው፣ ከዚያ ወደፊት። በዚያ ላይ ቴክኖሎጂ የቀደመ ሰው ቢወሩትም ጠመንጃ ይዞ ነው የሚጠብቃቸው።

አንድ ልምምድ ልስጣችሁ። አዲስ ጨዋታ ክፈቱና ሰፋሪውን ሳታንቀሳቅሱ ሴቭ አድርጉ። 60 ተራ ብቻ ተጫወቱ። የከተሞቻችሁን ብዛት ወረቀት ላይ ጻፉና ያንን ሴቭ መልሳችሁ ክፈቱ። ካርታው ያው ነው፤ ወንዙ የት እንዳለ፣ ሽፍታው ከየት እንደሚመጣ አሁን ታውቃላችሁ። እንደገና 60 ተራ። እኔ መጀመሪያ ሁለት ከተማ ነበረኝ፣ በሦስተኛው ሙከራ አምስት። ያቺን ስቶንሄንጅ እስካሁን ሠርቻት አላውቅም።